ከካርዱ በፊት መብራቱ፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ የጌም ኮምፒውተር ሲሻሻል ምን ይቅደም?

ጌም የሚጫወትበትን ኮምፒውተር ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያለኝን ገንዘብ በየትኛው ዕቃ ላይ ላውለው? የውጭ መጽሔቶችና ቪዲዮዎች መልስ ለረጅም ዓመታት ብዙም አልተለወጠም፤ መጀመሪያ ግራፊክስ ካርድ፣ ከዚያ ፕሮሰሰር፣ ከዚያ ራም፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል ይላሉ። መልሱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በብዙ ልኬት የተደገፈ ነው። ሆኖም አራት ነገሮችን ሳይናገር እንደተሟሉ ይቆጥራል። መብራቱ አይዋዥቅም፣ ፓወር ሰፕላዩ ለሚጨመረው ካርድ ይበቃል፣ የተበላሸ ዕቃ ለሻጩ ተመልሶ ይለወጣል፣ ኮምፒውተሩም የተቀመጠው ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ባላለ ቦታ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በሞላሌ፣ በመሐል ሜዳ፣ በግሼ ራቤል ወይም በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ለሚኖር ተጫዋች አራቱን በአንድነት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው ለዚህ ነው፦ በእኛ ደጋ የማሻሻያው ቅደም ተከተል ከፍሬም ቁጥር ሳይሆን ከዋት፣ ከዲስክና ከመንገዱ ርቀት መነሣት አለበት፤ ካርዱም ሆነ ፕሮሰሰሩ የሚመረጠው ከእነዚህ በኋላ ነው። (የዘመን ቁጥሮቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ክርክሩ ከየት ተነሣ

በመጀመሪያ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1993 የወጣው ዱም ምስሉን ሙሉ በሙሉ የሚሥለው በፕሮሰሰሩ ስለነበር፣ ጌም የሚፈጥንለት የፈለገ ሰው ፕሮሰሰሩን ይቀይር ነበር። ነገሩን የለወጠው በ1996 የወጣው የስሪዲኤፍኤክስ ኩባንያ ቩዱ ካርድ ነው፤ የሦስት አቅጣጫ ምስል መሣል ለብቻው የሚሠራ ቺፕ አገኘ። በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን አውጥቶ «ጂፒዩ» የሚለውን ስያሜ ለገበያ ሲያስተዋውቅ ሥራው በሁለት ተከፍሎ ነበር። ፕሮሰሰሩ የጌሙን ሕግ፣ የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴና ግጭቱን ያሰላል፤ ካርዱ ደግሞ የተሰላውን ይሥላል። ካርድ ይቅደም ወይስ ፕሮሰሰር የሚለው ክርክር የተወለደው ከዚህ ክፍፍል ነው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነቱን የሚወስነው ዘግይቶ የሚጨርሰው ነው። ፕሮሰሰሩ አንዱን ፍሬም በ12 ሚሊሰከንድ አዘጋጅቶ ካርዱ በ25 ሚሊሰከንድ የሚሥለው ከሆነ፣ በሰከንድ የሚታየው 40 ፍሬም ነው። ካርዱ ተቀይሮ በ10 ሚሊሰከንድ መሣል ሲጀምር ቁጥሩ ወደ 83 ይወጣል፤ አሁን የሚዘገየው ፕሮሰሰሩ ነውና። ከዚያ በኋላ እጥፍ ጉልበት ያለው ካርድ ቢገዛ በዚያ ቅንብር አንድም ፍሬም አይጨምርም። «የትኛው ይሻላል» ብሎ ከመጠየቅ «አሁን የሚያዘገየኝ የትኛው ነው» ብሎ መጠየቅ የሚበልጠው ለዚህ ነው። መፈተኛውም ገንዘብ አይጠይቅም። የጌሙን ሪዞሉሽን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ፍሬሙ ከጨመረ ካርዱ ነበር ያዘገየው፣ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከአለካኩ ነው። በ2011 የቴክ ሪፖርት ድረ ገጹ ስኮት ዋሰን በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም አማካይ ቁጥር ብቻ ማየት እንደሚያሳስት አሳየ። አማካዩ 60 የሆነ ጌም በመሐል ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ሊቆም ይችላል፤ ተጫዋቹን የሚያበሳጨውም ያ መቆም ነው። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ መለካት የተለመደ ሆነ። ጌሙ «ስታክ ያደርጋል» የሚለው የእኛ ሰው አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ይህንኑ ነው። አማካዩን የሚያሳንሰው አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ሲሆን፣ መቆሙ ግን ከፕሮሰሰር፣ ከራም ማነስ ወይም ከዲስክ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱን ለይቶ ማየት ግድ ነው።

በእጃችን ያለው ማሽን

የውጭው ምክር የሚነሣው ተጫዋቹ ራሱ ገጣጥሞ ከሠራው ኮምፒውተር ነው። በአገራችን ለጌም የሚሻሻለው ግን በአብዛኛው ከቢሮ አገልግሎት የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኢሊትዴስክና መሰሎቻቸው። ከመርካቶ ተገዝቶ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ይወጣል። ለምሳሌ በ2012 የወጣውን ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር ጋር ነው። ይህ ፕሮሰሰር ተንቆ የሚጣል አይደለም፤ ጂቲኤ 5 በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ በአምራቹ የተመከረው ፕሮሰሰር ይኸው 3470 ነበር፣ የፔስ 2021 ዝቅተኛ መስፈርትም እርሱ ነው። ከውስጡ ያለው ኤችዲ 2500 የተባለ ግራፊክስ ግን ለሰነድና ለኢንተርኔት የታሰበ ነው። እዚህ ላይ «ካርድ ይቅደም» የሚሉት ትክክል ናቸው፤ በዚህ ማሽን ላይ የፍሬሙ ማነቆ ካርድ አለመኖሩ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ካርዱ ሲመረጥ ነው። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ትልቁ ቅርጽ ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት፣ አነስተኛው ቅርጽ ደግሞ 240 ዋት ነው፤ ሁለቱም ለካርድ ተብሎ የወጣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የላቸውም። ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ከተሰካበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ብቻ ነው፤ የዚያ ጣሪያ ደግሞ 75 ዋት ነው። ሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ብዙ ያገለገሉ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ወጡ፤ ከእነርሱ መካከል ራዲዮን አርኤክስ 580 በዋጋውና በጉልበቱ የሚያጓጓ ነው። ግን 185 ዋት ይጠጣል። በዚያ ላይ የፕሮሰሰሩን 77 ዋት፣ ለማዘርቦርድ፣ ለዲስክና ለማራገቢያ ደግሞ 40 ዋት ያህል ብንጨምር ከ300 ዋት ያልፋል። በ275 ዋት ማሽን ላይ በማስማሚያ ገመድ ሊሰካ ይችል ይሆናል፤ ጌሙ ከብዶ ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠይቅ ግን ማሽኑ ድንገት ይጠፋል፤ ከዚያ የባሰም ሊደርስ ይችላል።

በ75 ዋት ክልል ውስጥ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው፤ በ2014 የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በ60 ዋት፣ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 በ75 ዋት። (ከ1650 መካከል ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚጠይቁ ሞዴሎች ስላሉ የካርዱን ጫፍ አይቶ መግዛት ያስፈልጋል።) በ2022 የወጣው አርኤክስ 6400 በ53 ዋት ከሁሉም የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ስለሆነ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ትውልዱ ባረጀ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ትውልድ 2 ብቻ ባላቸው እንደ ኦፕቲፕሌክስ 790 ባሉት ላይ ጉዳቱ የበለጠ ይሰማል። እንግዲህ አዲስ ካርድ ከአሮጌ ማሽን ጋር ሲጋባ ሁልጊዜ ያተርፋል ማለት አይቻልም። አንድ ማስጠንቀቂያም ይታከል፦ የጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ስም ተለጥፎባቸው ውስጣቸው እጅግ አሮጌ ቺፕ የሆነ ካርዶች በዓለም ገበያ ይዞራሉ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ይለያቸዋል፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ ፊት መክፈት ነው።

ፕሮሰሰር ይቅደም የሚሉት

የፕሮሰሰሩ ወገን ማስረጃ የተጠናከረው ከ2017 ወዲህ ነው፤ ኤኤምዲ ራይዘንን ይዞ ሲመጣ ኢንቴል ለረጅም ጊዜ በአራት ኮር ላይ የቆመበት ዘመን አበቃ፣ ጌሞችም ብዙ ኮር መጠቀም ጀመሩ። በ2022 የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በ96 ሜጋባይት ካሽ ምክንያት የጌምን መቆራረጥ በግልጽ መቀነሱ የዚህን ወገን ቃል አጠነከረ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ግን ብዙም አይሠራም። ኢንቴል ሶኬቱን በየሁለት ትውልዱ ገደማ ስለሚለውጥ በ7010 ላይ የሚገጥመው ከፍተኛው ፕሮሰሰር ያው የ2012ቱ ኮር አይ7-3770 ነው። ከዚያ ማለፍ ማለት ማዘርቦርድ፣ ራምና ብዙ ጊዜ ሳጥኑንም ጭምር መለወጥ ነው፤ ይህ ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት እንጂ ማሻሻል አይባልም። ከ3470 ወደ 3770 መሻገር ከሁሉም በላይ መቆራረጡን ይቀንሳል፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ግን የሚቀጥለውን ማሽን ያዘገያል።

ሞኒተሩም እዚህ ይገባል። ከቢሮ የወጣው ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ 60 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ ከ60 በላይ የተሣለውን ሙሉ አድርጎ አያሳይም። ከዚያ በላይ ያለው ፍሬም ለቁልፉ ምላሽ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ ለአብዛኛው ተጫዋች ግን ግቡ ሳይቆራረጥ 60 መድረስ ነው።

መብራቱ

አሁን ዋናው ነጥብ ጋ ደርሰናል። የአገራችን የመብራት ኃይል 220 ቮልት ተብሎ የተደነገገ ቢሆንም፣ ከመስመሩ ጫፍ ያሉ ከተሞች ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ሲዘል ያያሉ። መብራት ሲመጣ የሚደርሰው ዝላይ ከመጥፋቱ የበለጠ አደገኛ ነው። በዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሚደባለቁ መለየት ይገባል፤ አንዱ የቮልቴጅ መውረድ፣ ሌላው የቮልቴጅ መዝለልና መቋረጥ ነው።

ለመውረዱ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በማሽኑ ውስጥ አለ። የታወቁ አምራቾች የቢሮ ፓወር ሰፕላይ በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን በራሱ ይቀበላል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ግን ይህ ችሎታ የለውም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ይጠፋል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ካርድ ለመጨመር ብሎ ትክክለኛውን 275 ዋት አውጥቶ፣ ላዩ ላይ «500 ዋት» የተጻፈበትን ማንነቱ ያልታወቀ ሳጥን ያስገባል። በወረቀት ማሻሻል ይመስላል፣ በተግባር ግን የኮምፒውተሩን ጠባቂ አሰናብቶ ደካማ መተካት ነው። ከ2013 ወዲህ በወጡት እንደ ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና ኢሊትዴስክ 800 ጂ1 ባሉት ላይ ደግሞ የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ከተለመደው 24 ፒን የተለየ ስለሆነ ማስማሚያ ገመድ ይፈልጋል፤ በዚያ ገመድ ጥራት ላይ የሙሉ ማሽኑ ዕድሜ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ዋናውን ፓወር ሰፕላይ አለመንካትና ካርዱን በ75 ዋት ውስጥ መምረጥ ይሻላል።

ለመዝለሉና ለመቋረጡ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ዩፒኤስ ጌሙን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ሲገዛ የሚታለፍ ነጥብ አለ፤ 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ 650 ዋት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ከላይ ለተጠቀሰው ባለ 75 ዋት ካርድ ማሽን ይበቃል፣ አርኤክስ 580 ላለበት ግን ያጠራጥራል። ርካሾቹ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ሞገድ የተስተካከለ ስላልሆነ ከአንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማማም፤ ከመክፈል በፊት ሰክቶ፣ ከግድግዳው ነቅሎ መፈተን ይቻላል።

ተቃውሞው የታወቀ ነው፦ ስታቢላይዘር አንድ ፍሬም እንኳ አይጨምርም። እውነት ነው፤ የማሻሻያ ጥቅም ግን ፍሬም በዕድሜ ተባዝቶ ነው የሚለካው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመቶ ዶላር ካርድ ከ5,700 ብር ወደ 10,000 ብር በላይ ተሻገረ ማለት ነው፤ ማጓጓዣና ትርፉ ሳይታከልበት። በአሜሪካ የተቃጠለ ካርድ በዋስትና ይለወጣል። ከመርካቶ ተገዝቶ መሐል ሜዳ የተቃጠለ ያገለገለ ካርድ ግን ኪሳራው ሙሉ ነው፤ ሻጩ ልለውጥ ቢል እንኳ የደርሶ መልሱ መንገድ ትርፉን ይበላዋል።

ከፍታው

ስለ ከፍታ የውጭ መመሪያዎች አንዳች አይሉም፤ ለመንዝና ለግሼ ግን ዋና ጉዳይ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፣ የጓሳ መሬት ደግሞ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ብዙዎቹ የተለመዱ ሃርድ ዲስኮች አምራቾቻቸው የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ 3,048 ተብሎ ተጽፏል። ምክንያቱም የዲስኩ አንባቢ ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳሕኑ ይቀርባል። እዚህ ላይ ልዩነት ይደረግ። 3,048 ሲያልፍ ዲስኩ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ በዚያ ከፍታ ዓመታት የሚሠሩ ዲስኮች አሉ፣ ከ3,600 ሜትር በላይ ያለችው የቦሊቪያዋ ላፓዝም በኮምፒውተር ትሠራለች። ቁጥሩ የሚናገረው የአምራቹ ኃላፊነት የሚያበቃበትን ነው። ዲስኩ አሥር ዓመት ያገለገለ፣ በአውቶቡስ ሲናጥ የመጣ፣ መብራት በድንገት የሚጠፋበት ከሆነ ግን ያ ቀጭን አየር በሌሎቹ ላይ የሚደመር ጫና ነው። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ አንባቢ ስለሌለው ይህ አይመለከተውም።

ኤስኤስዲ ፍሬም አይጨምርም የሚለው ክርክር በአብዛኛው ትክክል ነበር፤ አሁን ግን ጌሞቹ ራሳቸው ተለውጠዋል። በ2023 የወጣው ስታርፊልድ ኤስኤስዲን በመስፈርቱ አስገብቷል፤ ሰፊ ዓለም ያላቸው ጌሞች እየተጫወቱ ከዲስክ ስለሚያነቡ ዲስኩ ሲዘገይ ጌሙ ይቆማል። ጌም በፍላሽና በውጫዊ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አካባቢ ደግሞ ኤስኤስዲ ሌላ ጥቅም አለው። የኤፍሲ 24 መስፈርት ብቻ 100 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ ያንን በሞባይል ዳታ ማውረድ ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ነውና የተጫነው ጌም ራሱ ንብረት ነው። ዲስኩ ሲበላሽ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም።

ሙቀቱን በተመለከተ ጉዳዩ ሁለት ገጽ አለው። በ3,100 ሜትር የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 73 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ወለል ከክፍሉ 40 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ፕሮሰሰር እዚህ 50 ዲግሪ ያህል በላይ ሊሞቅ ይችላል። በሌላ በኩል የመንዝ ክፍል 12 ዲግሪ ቢሆን በባሕር ወለል ያለ ሞቃት ከተማ ክፍል 28 ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ሲደመር ደጋው አይጎዳም፣ እንዲያውም ያተርፋል። ወደ ጀማና ወንጭት ሸለቆ የሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ግን ይህን የብርድ ማካካሻ አያገኝም። ለሁሉም የሚሠራው ርካሹ ማሻሻያ አቧራውን ማጽዳትና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ፔስት መለወጥ ነው፤ ይህ በመጀመሪያው ቀን መደረግ አለበት።

ራም፣ ሶፍትዌርና ገና ያልተፈታው

ስለ ራም ብዙ የሚያከራክር የለም። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ካለ ሁለተኛውን መጨመር መጠኑንም የመተላለፊያውን ስፋትም ያሳድጋል። ዲዲአር3 ግን ወደ ሌላ ማሽን አይሻገርምና 16 ከደረሰ ማቆም ይበቃል።

ከባዱ ጥያቄ ሶፍትዌሩ ነው። ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር ምስሉን በትንሽ ሪዞሉሽን ሥሎ ያሳድገዋል፤ በሌሎች አምራቾች አሮጌ ካርዶችም ላይ ይሠራል። ስለዚህ «ካርድ ከመግዛት ቅንብሩን አስተካክል» የሚሉ ወገኖች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። መልሱ ግን፣ ይህ ዘዴ የካርዱን ድካም እንጂ የፕሮሰሰሩን አያቃልልም፤ በትንሽ ሪዞሉሽን ሲሠራ ምስሉም ይደበዝዛል። በሌላ ወገን ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መስፈርትና በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በኢንተርኔት ከሚጫወቱ ጌሞች አንዳንዶቹ እንደ ቫሎራንት ያሉት በዊንዶውስ 11 ላይ ይህንኑ የደኅንነት መስፈርት ይፈትሻሉ። ለኳስ ጌምና ለብቻ ለሚጫወቱት እንደ 3470 ያለው የሦስተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ገና ዓመታት አለው፤ በኢንተርኔት ለመወዳደር ለሚያስብ ግን አሁን በእርሱ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም። ለዚያ ሰው መዘግየቱም በካርድ አይፈታም፤ የሰርቨሩ ርቀትና የኢንተርኔት መስመሩ ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይወጣል። በመጀመሪያ ስታቢላይዘር፣ ከተቻለ ዩፒኤስ፤ ቀጥሎ ኤስኤስዲ፣ በተለይ ከጣርማ በር ወዲያ በመንዝና በግሼ ለሚኖር፤ ከዚያ ሁለተኛ ራም፤ በመጨረሻ በዋናው ፓወር ሰፕላይ የሚሠራ፣ ከ75 ዋት ያልበለጠ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ። በዚህ ማሽን ላይ ከዚያ በላይ ገንዘብ አታውጡ፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው ኮምፒውተር አስቀምጡት፤ ስታቢላይዘሩና ኤስኤስዲው አብረው ይሻገራሉ።